ግራጫው በረዶ

ዱዌይንን መጀመሪያ ያናገርኩት በስድብ ነው። አላፍርበትም።

ቡፋሎ ከተማ ላይ ሌሊቱን ሙሉ በረዶ ሲጥል አድሯል። ማልጄ ካሜራዬን አንግቤ መናፈሻው ደረስኩ። እንጀራዬ ነው፤ ለቀን መቁጠሪያ የሚሆኑ ፎቶዎች አነሳለሁ። የኩሬውን ዳር ሰው ሳይረግጠው ላነሳው ስደግን፣ አንድ በረዶ ጠራጊ መኪና እየተንደቀደቀ መጥቶ መሀሉን ሰንጥቆት አለፈ።

«አንተ ሰውዬ! ዓይን የለህም እንዴ? በረዶዬን አበላሸህብኝ እኮ!»

ሞተሩን አጥፍቶ በመስኮት ብቅ አለ። «በረዶሽን? በስምሽ ነው እንዴ የወረደው፣ እመቤት?»

«ግማሽ ሰዓት ብትዘገይ ምን ነበረበት?»

«አሮጊቶቹ ከነውሾቻቸው መምጫቸው ነው። አንዷ አንሸራትቷት ብትወድቅ አንቺ ታዝያታለሽ?»

እሱ ደግሞ ይስቃል! ደሜ ፈላ።

በሚቀጥለው በረዶ ስመጣ መንገዱ ሁሉ ተጠርጎ የኩሬው ዳር ብቻ እንዳለ ቆየኝ። ዱዌይን መኪናው ውስጥ ተቀምጦ ዶናቱን ይገምጣል። ከወዲያኛው ጫፍ ጀምሮ የእኔን መጨረሻ አድርጎልኛል። ክረምቱን ሙሉ እንዲሁ አደረገ።

አንድ ቀን ካሜራውን አሳየሁት።

«ካሜራ ሞኝ ነው። በረዶ ሲያይ ብርሃኑ የበዛ ይመስለውና ግራጫ ያደርገዋል። ስለዚህ አንተ ብርሃን ትጨምርለታለህ። ይህን የሚረሳ ጀማሪ ብቻ ነው።»

«አንቺስ ረስተሽ አታውቂም?»

«በአስራ ሁለት ዓመት? በጭራሽ!»

ካሜራውን ትቶ እኔን ያይ ነበር። ወደድኩት፤ አልነገርኩትም። እሱም አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ የእኛ ግን ሊነቅዝ ምንም አልቀረውም።

መጋቢት ላይ ቱሳን የሚባል ሩቅ ከተማ ሥራ አገኘሁ። በረሃ ነው፤ በረዶ የሚባል አያውቅም። ስነግረው «አትሂጂ» እንዲለኝ ነበር የፈለግኩት። እሱ ጓንቱን እያየ «ጥሩ ነው፤ ይሞቅሻል» አለኝ።

ልሄድ ሁለት ቀን ሲቀረኝ ማንም ያልጠበቀው በረዶ ጣለ። የመጨረሻዬ ነው ብዬ እየሮጥኩ ደረስኩ። ጉድ! የኩሬው ዳር ሙልጭ ብሎ ተጠርጓል። ዱዌይን ከመኪናው ወርዶ ቆሟል።

«አንተ ጨካኝ! በመጨረሻው ቀን እንኳ አስበህ አትተውልኝም?»

«ብተውልሽ ፎቶሽን አንስተሽ፣ ‹ደህና ሁን› ብለሽኝ ትሄጃለሽ።»

«እና?»

«እኔ ደግሞ ደህና አልሆንም። ስትቆጪኝ ብቻ ነው አፌ የሚፈታው፤ ሌላ ዘዴ አጣሁ። አትሂጂ፣ ሬጂና። እወድሻለሁ።»

«ይህን ለማለት ነው መናፈሻውን በሙሉ የጠረግከው?»

«አሮጊቶቹ መርቀውኛል» አለ።

እያለቀስኩ ሳቅኩ። ካሜራዬን ደግኜ እሱኑ አነሳሁት፤ ክረምቱን ሙሉ አንድም ቀን አላነሳሁትም ነበር።

ቱሳን ሌላ ሰው ሄደ። ያ ፎቶ ዛሬ ሳሎናችን ተሰቅሏል። ዱዌይን ከመኪናው አጠገብ ቆሟል፤ ከኋላው የተቆለለው በረዶ ግን አመድ መስሏል። እንግዳ ሁሉ «ምነው በረዶው?» ይላል።

«ያነሳችው ጀማሪ ናት» ይላል ዱዌይን፣ እኔን ቀድሞ።

አልከራከረውም። ያን ቀን እሱን ሳይ ብርሃን መጨመሩን ረስቼዋለሁ።