የሰርጓጁ መርከብ በር ላይ

ጀልባዋ አፍንጫዋን ወደ ሰማይ አነሣችና መልሳ በሆዷ ውሃው ላይ ወደቀች። ሔኖክ ጠዋት የበላውን ሁሉ ለባሕሩ አስረከበ። አጠገቡ የተቀመጡት አማቱ ጋሼ ገብረጻድቃን ግን ተረጋግተው ብርቱካን ይልጣሉ። በወጣትነታቸው ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከብ ወጥ ቤት ውስጥ ሠርተዋል፤ በሚናወጥ ምድጃ ላይ ወጥ ማማሰል የለመደ ሰው በዚህ አይደነግጥም።

«ይኼም ማዕበል ተብሎ!» አሉና ግማሹን ዘረጉለት። «እንካ፣ ሆድህን ያረጋጋልሃል።»

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ።» ሔኖክ በሁለት እጁ ተቀበለ።

ሔኖክ እንዲህ ነው። በሥራ ቀን ሆፐርስ ክሮሲንግ የሚባል ሰፈር ፋርማሲ ውስጥ ይሠራል፣ ቅዳሜና እሑድ ጠላቂዎችን እየመራ ባሕር ይገባል። ውሃ ውስጥ ደፋር ነው፤ በአማቱ ፊት ግን ካገባ ጀምሮ እግሩን አነባብሮ ተቀምጦ አያውቅም።

ጋሼ ገብረጻድቃንን ደግሞ የሴንት አልባንስ ሰፈር እኩዮቻቸው አላስቀምጥ አሏቸው። «ባሕር ኃይል ነበርኩ ትላለህ፤ ከወጥ ቤት ወጥተህ ባሕሩን አይተኸው ታውቃለህ?» እያሉ ያበሽቋቸዋል። ስድሳ ዓመት ሲሞላቸው ብድግ ብለው የመጥለቅ ኮርስ ወሰዱ። ምኞታቸው አንድ ነበር፤ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት የተረፈውንና ከፖርት ፊሊፕ ባሕረ ሰላጤ አፍ ወጣ ብሎ ባሕሩ ወለል ላይ የተኛውን ሰርጓጅ መርከብ ሆዱ ገብተው ማየት።

«አባዬን እንደወሰድከው መልስልኝ» ብላው ነበር ሚስቱ የምሥራች፣ ጠዋት በር ላይ። «ብቻህን ከመጣህ በሩን አልከፍትልህም።» እየሳቀች ነበር የተናገረችው፤ ዓይኗ ግን አልሳቀም።

የጀልባዋ ካፒቴን ሞተሩን አቀዘቀዘና መልሕቅ ጣለ። «ስሙኝ! ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል መሐል ላይ ውሃው ጥቂት ቆም ይላል። ያኔ ግቡ፣ ያኔ ውጡ። ከዘገያችሁ ፍሰቱ ታዝማኒያ ያደርሳችኋል!»

«ጋሼ» አለ ሔኖክ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በተሰበረው አፍንጫዋ እንገባለን፣ በጀርባዋ ቀዳዳ እንወጣለን። የመልሕቁ ገመድ እዚያው አጠገብ ነው። ታች እኔ እቀድማለሁ፣ እርስዎ ይከተሉኛል።»

«አንተ አዛዥ፣ እኔ ወታደር» አሉ ጋሼ፤ ሰላምታም ሰጡት።

ገመዱን ይዘው ወረዱ። ቅዝቃዜው ጥርስ ያንቀጫቅጫል። እኩል መንገድ ላይ «ሲል» የሚሉት የባሕር እንስሳ ውሻ የመሰለ ፊቱን ይዞ ከየት መጣ ሳይባል ብቅ አለና የጋሼን የዋና ጫማ ነከሰ። እሳቸውም ወጥ ቤት የገባች ድመት እንደሚያባርሩ ሁሉ በእጃቸው እሽ አሉት። ከዚያ ከአረንጓዴው ጭጋግ ውስጥ መርከቧ ወጣች፤ ረጅም፣ ጥቁር፣ የባሕር ሣር የለበሰች። ወደ አፍንጫዋ ሲጠጉ ሰው የሚያክል ሻርክ ከስብራቱ ውስጥ ወጥቶ በአጠገባቸው አለፈ።  ሻርኩ ግን ዘወር ብሎም አላያቸው።

ስብራቱ የሚያሳልፈው አንድ ሰው ብቻ ነው። ሔኖክ ቀድሞ ደረሰና ሊገባ አጎነበሰ። ያኔ ከኋላው ያሉት ጋሼ ገብረጻድቃን መሆናቸው ትዝ አለው። በር ላይ አማቱን ቀድሞ! እጁ ሳያዘው ደረቱ ላይ ሄደ፤ ወደ ጎን ቆሞ፣ ይግቡ የሚል ምልክት አሳየ።

ጋሼ ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ፤ አንተ ግባ። ሔኖክ ጎንበስ አለ፤ ኧረ በፍጹም። ጋሼ ትከሻውን ገፋ አደረጉት። እሱ ክንዳቸውን ይዞ ወደ ቀዳዳው መራቸው። አየር አረፋ እየሆነ ይንቦለቦላል፣ ሁለቱ ግን የሠርግ ቤት ደጃፍ ላይ እንዳሉ ይገባበዛሉ።

አሸዋው መንቀሳቀስ ጀመረ። ሔኖክ የአየር መለኪያውን ሲያይ ደነገጠ፤ ብዙ አየር ጨርሰዋል። ቆሞ የነበረው ውሃ መፍሰስ ጀምሯል። ፍሰቱ ጋሼን ከመርከቧ ግድግዳ ፈልቅቆ ወሰዳቸው፤ እግራቸውን ቢመቱም ወደ ኋላ ነው የሚሄዱት። የምሥራች ፊት ሔኖክ ዓይን ላይ ድቅን አለ። በአንድ እጁ የስብራቱን ጠርዝ እንደያዘ ተወረወረና የአማቱን የአየር ጋን ማንገቻ ከአንገታቸው ሥር በጡጫው ጨመደደ። በውጭ በኩል ገመዱ ጋ መመለስ አይቻልም፤ ፍሰቱ ከፊት ነው። ያለው መጠለያ የመርከቧ ሆድ ብቻ ነው። ጋሼን ጠርዙን አስይዞ ጣቱን ወደ ራሱ፣ ከዚያ ወደ አማቱ ቀሰረ፤ እኔ፣ ከዚያ እርስዎ! ቀድሞ ገባና ጎትቶ አስገባቸው።

ውስጡ ጸጥ ያለ ነበር። በዛገው ቀዳዳ ሁሉ ብርሃን ይወርዳል፣ ትናንሽ ዓሣዎች ያብረቀርቃሉ። ሔኖክ ከወገቡ ቀጭን የመሪ ገመድ አውጥቶ ሳይዞር እየዘረጋ መራ። መሐል ላይ ጋሼ ገመዱን ሳብ አደረጉ። ወደ አንድ ጥግ እያመለከቱ በሌለ ማማሰያ የሌለ ወጥ ያማስላሉ፤ ወጥ ቤቱን አገኘሁት ማለታቸው ነው። ሔኖክ ከሳቁ የተነሣ መነጽሩ ውስጥ ውሃ ገባበት፤ ቢሆንም ቆጣ ብሎ ወደፊት አመለከተ። ጋሼም ታዘዙ። በጀርባዋ ቀዳዳ ወጡ፣ የመልሕቁን ገመድ ጨበጡ፣ ፍሰቱ እንደ ባንዲራ እያውለበለባቸው ቀስ ብለው ወደ ላይ ወጡ።

ጀልባዋ ላይ ሔኖክ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። አንገትዎን ይዤ... »

«ዝም በል! እዚያ በር ላይ ይሉኝታህ ሊገድለን ነበር። የኔም እንዲሁ። ደግ አደረግህ፣ ልጄ።» ልጄ ብለውት አያውቁም ነበር። ሔኖክ ሌላ ብርቱካን አንሥቶ ይልጥላቸው ጀመር።

ሲመሽ ሴንት አልባንስ፣ ሔኖክ ቤት ደረሱ። በሩ ጋ ሔኖክ እንደ ልማዱ ወደ ጎን ቆመ። ጋሼ ሻንጣቸውን አስቀመጡና ግድግዳውን ተደግፈው አፈጠጡበት።

«ታች የነበረው ሰውዬ የት ሄደ? ቅደም!»

ሔኖክ ሳቀና ቀድሞ አንኳኳ። የምሥራች ከፈተች። ባሏን አየች፣ ከኋላው ያለውን ጨለማ አየች፣ ፊቷ ዐመድ መሰለ።

«አባዬስ?»

«አለሁ» አሉ ጋሼ ከግድግዳው ጥግ ብቅ ብለው። «አዛዤን ተከትዬ ነው የመጣሁት።»