ወደ ከረጢቱ የተመለሰው ፊደል

አሠልጣኝ አክፖቪሪ በክለቡ አዳራሽ ግንባራቸውን በስክራብል ሰሌዳው ጠርዝ ላይ አሳርፈው፣ የተኙ መስለው ሞተዋል። ከፊታቸው ባለችው የእንጨት መደርደሪያ ላይ ከከረጢት እየወጡ ቃል የሚሠራባቸው ሰባት የእንግሊዝኛ ፊደል ጠጠሮች ተሰልፈዋል። ብርጭቋቸው ተገልብጦ የብቅል መጠጡ ወለሉ ላይ ፈስሷል፤ ለምርመራ የሚሆን ጠብታ እንኳ አልተረፈም።

ኢንስፔክተር ቲሚዬቢ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ዋሪ ከተማን በዝናብ ስታቋርጥ ነው የዋለችው፤ እግሯ ጫማዋ ውስጥ አብጧል። ቀድመዋት የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን ጨርሰውታል። መጠጡን ያመጣችው ከሟቹ ጋር ስትጫወት የነበረችው ወጣቷ ሩኬቭዌ ናት፤ ስለዚህ በካቴና አስረው ለብቻዋ ጣቢያ ወስደዋታል።

ቲሚዬቢ ሬሳው ላይ ጎንበስ አለች። ገና ከካውያ የወጣ በሚመስለው ነጭ ሸሚዝ እጅጌ ላይ ቢጫ የቅባት ጠብታ አየች።

በማግስቱ ዶክተሩ በሟቹ ሆድ ዕቃ ውስጥ የፍየል ሥጋና ብዙ የእንቅልፍ መድኃኒት ማግኘቱን ነገራት። «ይህን ያህል የወሰደ ሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ይደነዝዛል» አላት። ሩኬቭዌ በነፍስ ግድያ ለመከሰስ የቀራት የቲሚዬቢ አለቃ ፊርማ ብቻ ነበር። አለቃዋ እስከ ማታ እንዲታገሣት ቲሚዬቢ ለምና ልጅቱ ወደታሰረችበት ክፍል ገባች።

«ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

«ስደርስ ጋሼ አፋቸውን በመሐረብ እየጠረጉ ነበር። ‹ዛሬ ደግሞ እንዳታለቅሺብኝ› ብለው ሳቁብኝ። አዳራሹ ውስጥ ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም። መጀመሪያ ኪው የሚባለው አስቸጋሪ ፊደል ደረሳቸውና ‹ይህን ተሸክሜ አልውልም› ብለው ወደ ከረጢቱ መልሰው ሌላ አወጡ። ከዚያማ ረጃጅም ቃል ደረደሩብኝ።»

«ከዚያስ?»

«ላብ አጠመቃቸው። ሁለት ሁለት ፊደል ብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ። መጨረሻ ላይ ፊደሎቻቸው ላይ አፍጥጠው ቆዩና ‹ተራዬን አልፌያለሁ› አሉ። መጥፎ ፊደል የደረሳቸው መሰለኝ። ሮጬ መጠጥ አመጣሁ። ባለሱቋን ጠይቂያት፤ ‹ቀዝቃዛ ስጪኝ፣ አሠልጣኙ ላብ በላብ ሆነዋል› ነው ያልኳት።»

«ይህን ለሌላ ሰው አውርተሻል?»

«ለማን? ማን ጠየቀኝ? ‹ገዳይ› ብለው ነው የዘጉብኝ።»

ባለሱቋ ቃሉን አንድም ሳታጎድል ደገመችላት።

የሟቹ ባለቤት ኦናጂቴ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ነበር። ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሡ መለሱላት። «እህቴ፣ ሳይበላ ነው የወጣው። ጨዋታ ያለው ቀን ከቤት እህል አይቀምስም። ሸሚዙን ራሴ ተኩሼ ነው ያለበስኩት።»

«የተጣላው ሰው ነበር?»

«ከኦጋሌ ጋር ልባቸው ተቀያይሟል። ‹የኦጋሌ ጣቶች ዓይን አላቸው› ይለኝ ነበር። ከረጢት ውስጥ ፊደሉን እየዳሰሰ ይመርጣል አሉ። ቅዳሜ በክለቡ ስብሰባ ላይ ሊያጋልጠው ነበር።»

ኦጋሌ የክለቡ ጸሐፊ ነው፤ የአዳራሹ ማድ ቤት ቁልፍም በእሱ እጅ ብቻ ነው ያለው። ሸበቶና ዘናጭ ሰው ነው። ቲሚዬቢን ከመቀመጫው ተነሥቶ ተቀበላት።

«እኔማ ከገበያ በቀጥታ ስመጣ ሞቶ፣ ፖሊስ ከቦት አገኘሁት፣ እመቤቴ።»

«ልጅቱ እንዴት ናት? ጎበዝ ናት ይባላል።»

«ምን ጎበዝ!» ሳቀ። «ዕድለኛ ናት እንጂ። እሱ ጠልቶ የመለሰውን ኪው እሷ አወጣችው፣ ከእሱ ጋር የምትሄደው ዩም እጇ ላይ ነበረች። እንዲህማ ከሆነ እናቴም ታሸንፋለች!»

ቲሚዬቢ ዓይኗን ጨፈነች። ኦጋሌ እንቅልፍ የወሰዳት መስሎት ጉሮሮውን ጠረገ።

አመሻሹ ላይ ሁሉንም አዳራሹ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኦናጂቴ አግዳሚው ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ ሩኬቭዌን አንድም ጊዜ ቀና ብለው አላዩዋትም። ሰሌዳው እንደነበረ ነው።

«አቶ ኦጋሌ፣ የሟቹን ፊደሎች እስቲ ይመልከቱልኝ።»

«‹ሬቲናስ› የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ይሠራሉ» አለ፤ ለማሰብ እንኳ ጊዜ አልወሰደበትም። «ሰባቱም ባንድ ጊዜ ይወጣሉ። ማንም ጀማሪ ያገኛታል።»

«የሚቀመጥበት ቦታስ አለ?»

«እዚህ ጋ፣ ክፍት ነው።»

«አሠልጣኙ ግን ይህን ይዘው ተራቸውን አለፉ። ጀማሪ የሚያየውን ማየት አቅቷቸው ነበር። ልጅቱ ወደ ሱቅ የሮጠችው ከዚያ በኋላ ነው፤ ባለሱቋ ምስክር ናት። ስለዚህ መድኃኒቱ መጠጡ ውስጥ አልነበረም።»

«ታዲያ ምን ውስጥ ነበር?» አሉ ኦናጂቴ።

«የፍየል ሾርባ ውስጥ፣ እትዬ። ከቤት ሳይበሉ ወጥተዋል፤ ሆዳቸው ውስጥ ግን የፍየል ሥጋ ተገኘ፣ እጅጌያቸውም ላይ ቅባት። ሲጀምሩ አእምሯቸው የነቃ ነበር፤ የደከሙት መሃል ላይ ነው። ልጅቱ ስትደርስም አፋቸውን ይጠርጉ ነበር፤ የበሉት እንግዲህ ጨዋታው ሊጀመር ሲል፣ እዚሁ ነው። ማድ ቤቱን የሚከፍተው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ ነው።»

«ገበያ ነበርኩ አልኩ እኮ!» አለ ኦጋሌ።

«ብለዋል። ሰሌዳው ላይ የተቀመጠ ቃል ለመጣ ሁሉ ይታያል። ወደ ከረጢት የተመለሰ ፊደል ግን የትም አይታይም። አሠልጣኙ ኪውን መመለሳቸውን የሚያውቁት እሳቸውና ሩኬቭዌ ብቻ ናቸው። እሳቸው ሞተዋል፤ እሷ ከዚህ በካቴና ከወጣች ወዲህ ከእኔ በቀር ለማንም አልተናገረችም። እርስዎ ከማን ሰሙት?»

ኦጋሌ ሳያስበው ወደ ማድ ቤቱ በር ዞር አለ። በሩ ከሰሌዳው ጥቂት እርምጃ ብቻ ይርቃል፤ እዚያ ተደብቆ የቆመ ሰው ከረጢቱንም ያያል።

«እንዲሞት አልነበረም» አለ በመጨረሻ። ድምፁ ወርዷል። «እንዲደነዝዝ ነው። በልጅ ተሸንፎ፣ ‹አርጅቷል፣ የሚያወራውን አያውቅም› እንዲባል። ስሜን ሊያጠፋው ነበር እኮ!»

«ለዳኛው ይንገሩት» አለች ቲሚዬቢ። የሩኬቭዌን ካቴና ራሷ ፈታች።

ልጅቱ እጇን እያሻሸች ሰሌዳውን ተመለከተች። «እስር ቤት ክፍሉ ውስጥ ሆኜ ‹ምንም ቢሆን አንድ ቀን አሸንፌያቸዋለሁ› እል ነበር። ያቺን ብቻ ነበር የያዝኩት።»

ቲሚዬቢ መዋሸት አማራት፤ ደክሟት ተወችው። «አላሸነፍሽም፣ ልጄ። ያሸነፋቸው መድኃኒቱ ነው።»

ልጅቱ ራሷን ነቀነቀች። ኦናጂቴ በቀስታ ከአግዳሚው ተነሡ፤ አጠገቧ ሲደርሱ ቆመው የተንሸራተተ ሻሿን አስተካከሉላት።

«ቀብሩ ላይ ከእኔ ጎን ነው የምትቆሚው» አሏት። «ማንም ምንም ቢል።»

ሩኬቭዌ ከተያዘች ወዲህ ገና ያን ጊዜ አለቀሰች።