ጀርባዋን የሰጠችው ልጅ

የፖሊስ መርማሪዋ ምሥራች፣ በካናዳዋ ካልጋሪ ኮራል ስፕሪንግስ በሚባለው ሰፈር፣ ከሐይቁ ዳር ካለው ቤት ስትደርስ አስከሬኑ ገና አልተነሣም ነበር። አቶ መኳንንት ወደ ምድር ቤቱ በሚያወርደው ደረጃ ግርጌ በጎናቸው ተጋድመዋል። አስቀድመው የደረሱት ፖሊሶች ነገሩን በልባቸው ጨርሰውታል፤ ዕድሜያቸው የገፋ ሰው፣ ቀጥ ያለ ደረጃ፣ የሚያንሸራትት የቤት ጫማ።

ምሥራች ግን ሬሳውን ከማየቷ በፊት ከግራ እጃቸው ሥር ያለውን መጽሐፍ አየች።

«ሐይቁን የጠጣው ፈረስ» ይላል ሽፋኑ።

እዚሁ ካልጋሪ ተወልዳ ላደገችው ምሥራች ይህ የልጅነቷ መጽሐፍ ነበር። አባቷ እያነበቡላት እሷ ሥዕሉን ታያለች። በጥቁር መስመር ብቻ በተሣለው በእያንዳንዱ ገጽ፣ ከፈረሱም ከዓሦቹም ርቃ፣ ጥጉ ላይ ጀርባዋን የሰጠች አንዲት ትንሽ ልጅ ቆማለች። ታሪኩ ስለ እሷ አንድም ቃል አይናገርም። «አባዬ፣ ይቺ ማናት?» ስትላቸው አባቷ ሌላ ገጽ ይገልጡ ነበር። ምሥራች ከመተኛቷ በፊት መጽሐፉን በፊቱ ደፍታ ትራስ ትጭንበታለች፤ ልጅቷ ድንገት እንዳትዞር።

ጓንቷን አጥልቃ መጽሐፉን ገለጠችው። ልጅቷ አለች። ግን የዚህችኛዋ ቀሚስ በሁሉም ገጽ ላይ በክሬዮን ቀይ ተቀብቷል። አቀባቡ የሕፃን እጅ ነው፤ ከመስመሩ እየወጣ።

ቀጥላ የሟቹን ቀኝ እጅ ተመለከተች። በአውራ ጣታቸውና በሌባ ጣታቸው መካከል ከአንድ ገጽ ጥግ የተቀደደ ወረቀት ተጨብጧል። የመጽሐፉን ገጾች አንድ በአንድ አየች። ሁሉም ሙሉ ናቸው፤ ጥጉ የጎደለ የለም።

«ይህ ሰው አንሸራትቶት ብቻ አልወደቀም» አለች ወደ ፖሊሶቹ ቀና ብላ።

*

አስከሬኑን ያገኘችው የወንድማቸው ልጅ ናሆሚ ናት። አየር ማረፊያው ውስጥ በጥበቃ ትሠራለች፤ ዕለቱ እሑድ ነበርና የጠዋት ሺፍቷን ጨርሳ ከሰዓት በኋላ ስትገባ ነው ያየቻቸው። የሥራ ልብሷን እንኳ አላወለቀችም።

«ፎቅ ላይ ጠራኋቸው፤ አልመለሱም። ቤዝመንት ላይቱ ጠፍቶ ነበር። ላይክ... መብራቱን ሳበራው...» አለችና አቋረጠች።

«በሩስ?»

«ተቆልፎ አልነበረም። እንግዳ የሚጠብቁ ከሆነ አይቆልፉም።»

«መጽሐፉ ላይ ቀለም የቀባሽው አንቺ ነሽ?»

ናሆሚ ባልገባት ዓይን አየቻት። «የጋሽዬ መጽሐፍ ላይ? ኖ ዌይ! ልጅ ሆኜ እጄን ካልታጠብኩ አያስነኩኝም ነበር። ያላቸው አንድ ኮፒ ነው፤ ክሬዮን የሚባል ነክቶት አያውቅም። ሥዕሉን የሣሉት እኮ እሳቸው ናቸው።»

«ታሪኩን የጻፈውስ?»

«ጋሼ ሞላልኝ። የልጅነት ጓደኛቸው ናቸው፤ እዚሁ ካልጋሪ፣ ፓይንሪጅ ሰፈር ነው የሚኖሩት። መጽሐፉ እንደገና ሊታተም ነበር፤ ለዚሁ ነገር ብሩህ የሚባል አሳታሚ ዛሬ ስካን ሊያደርግ ይመጣል ብለውኛል።»

ምሥራች ከመውጣቷ በፊት ቤቱን በሙሉ ፈተሸች። ክሬዮን ያልነካው የአቶ መኳንንት መጽሐፍ የትም አልነበረም።

*

በማግሥቱ አስከሬኑን የመረመረው ሐኪም ውጤት መጣ። የቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ የሰው ጣት ያረፈበት ሰንበር አለ፤ አንድ ሰው ጨብጦ ታግሏቸዋል። ሌላም ነገር ነበር። ሲወድቁ ወዲያው አልሞቱም። ረዘም ላለ ጊዜ እስትንፋስ ነበራቸው፤ ምናልባትም ድምፅ።

ብሩህ ትንሿ ቢሮው ውስጥ ተቀምጦ ጠበቃት። ወጣት ነው፤ እጆቹ አያርፉም።

«ቤቱ ድረስ ሄጄ ነበር፤ አልደብቅሽም» አለ። «ደወል ደወልኩ፣ ማንም አልከፈተም፣ ተመለስኩ። አሁን ሳስበው... ውስጥ ሰምተውኝ ይሆን?»

ምሥራች ማስታወሻ ደብተሯን ገለጠች። «ለኅትመት የምትፈልገው የእሳቸውን ኮፒ ነበር?»

«መጀመሪያ አዎ። በኋላ ግን እሳቸው በቀለም ብዕር ያርሙት ጀመር። የመጨረሻውን ገጽ ታስታውሽዋለሽ? ፈረሱ ሐይቁን ጠጥቶ ጠጥቶ የመጨረሻዋን ጉንጭ ውሃ ይተዋታል፤ ዳርቻው ባዶ ነው። እዚያ ላይ ሰው ጨመሩበት። ከሐይቁ እየራቀ የሚሄድ ወንድ። ልጅቷን ደግሞ... አዞሯት። ወደሱ ታያለች፣ አፏ ተከፍቷል።»

ምሥራች በልጅነቷ ስትፈራው የኖረችው ነገር ለካ እውነት ሆኗል።

«የሰውየው ፊትስ?»

«ባዶ ነው። ስጠይቃቸው፣ "ፊቱን እኔ አልሥልም፤ የፊቱ ባለቤት ራሱ ሄዶ ይንገራት" አሉኝ። ማን ለማን እንደሚነግር አላወቅኩም። ለማመሳከሪያ ያልታረመ ኮፒ ያስፈልገኛል ስላቸው፣ "ሞላልኝ ቤት አለ፤ እንዲያመጣው እነግረዋለሁ" አሉ።»

*

አቶ ሞላልኝ ጥቁር ኮት ለብሰው በሩን ከፈቱላት። ባለቤታቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሶፋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል። ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው መደርደሪያ በመጻሕፍት ተጠቅጥቋል፤ መሐል ላይ ግን ከልጃቸው የልጅነት ፎቶግራፍ አጠገብ አንድ ስስ መጽሐፍ የሚያክል ክፍተት አለ።

«እሑድ የት ነበራችሁ?» አለች ምሥራች።

«ቤተ ክርስቲያን ነዋ፣ ልጄ» አሉ አቶ ሞላልኝ። «ሁለታችንም።»

«አዎ» አሉ ባለቤታቸው። «ቅዳሴው አልቆ ስወጣ መኪናው ሞቆ ጠበቀኝ። በዚህ ብርድ ሁልጊዜ ቀድሞ ወጥቶ ያሞቅልኛል።»

ምሥራች ዝቅ ብላ ጠየቀቻቸው፤ «እትዬ፣ በመጽሐፉ ሥዕሎች ጥግ ላይ የምትታየውን ልጅ ያውቋታል?»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን የጠበቁት መሰሉ።

«ታናሽ እህቴ ናት። ፀሐይወርቅ። ቢሾፍቱ ሐይቅ ወሰዳት። ብቻዋን ወርዳ ነው አሉን፤ አስከሬኗም አልተገኘም። መኳንንት ጎረቤታችን ነበር፤ ሲያዝንልኝ መጽሐፉ ውስጥ አኖራት። ፎቶግራፍ የላትም፤ እኔ ዘንድ ያለችው እዚያ ብቻ ናት።»

«ለምን ጀርባዋን ሰጠች?»

«እሱን ጠይቄው አላውቅም። አንዳንዴ ግን ሳነበው የሆነ ሰው የምትጠብቅ ይመስለኛል።»

«ያን ቀን ምን ለብሳ ነበር?»

«ለጥምቀት የተገዛላትን ቀይ ቀሚስ።»

አቶ ሞላልኝ ተነሥተው መስኮቱ ዘንድ ቆሙ። ምሥራች ወደሳቸው ዞረች።

«ጋሼ፣ ፈረሱ የመጨረሻዋን ጉንጭ ለምን ተዋት?»

«ተረት ነው እኮ፣ ልጄ። ተረት ለምን አይባልም።»

«ልጅዎ ትንሽ ሳለች ያነቡላት ነበር?»

«እኔ? የጻፍኩትን መልሼ አላነብም።»

*

የአቶ መኳንንት ሥልስት ዕለት ቺኑክ የሚባለው ሞቃት ነፋስ ከተራሮቹ ወርዶ በረዶውን ማቅለጥ ጀመረ። ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ ምሥራች አራቱን ሰዎች በሟቹ ቤት ሳሎን ውስጥ አስቀረቻቸው፤ ናሆሚን፣ ብሩህን፣ አቶ ሞላልኝንና ባለቤታቸውን። አንድ ፖሊስ በሩ ላይ ቆመ። ከውጭ የሐይቁ በረዶ ሲሰነጠቅ ይሰማል፤ ድምፁ በተሰማ ቁጥር ወይዘሮ የዓለምወርቅ ይደነግጣሉ።

ምሥራች በፕላስቲክ የተጠቀለለውን መጽሐፍ ጭኗ ላይ አድርጋ ጀመረች።

«ጋሼ መኳንንት ሲሞቱ ጣታቸው መሐል የወረቀት ጥግ ነበር። ወረቀቱ ላይ ከታተመው መስመር የሚደምቅ አዲስ ቀለም አለ፤ እሳቸው በቅርቡ የሣሉት ነው። እጃቸው ሥር የተገኘው መጽሐፍ ግን ጥጉ አልጎደለም። እንግዲህ ከዚህ ቤት ሌላ መጽሐፍ ወጥቷል ማለት ነው። የታረመው የራሳቸው መጽሐፍ።»

«ታዲያ ይሄኛው የማን ነው?» አለች ናሆሚ።

«ገዳዩ ይዞት የመጣው። የእሳቸውን ሲወስድ ማንም ጉድለቱን እንዳያውቅ ይህን አስቀመጠ። መጽሐፍ በመጽሐፍ ተተካ።» ወደ ብሩህ ዞረች። «አንተን ጠርጥሬህ ነበር፤ በሩ ላይ ደርሰሃልና። ግን አንተ የራስህ ኮፒ የለህም፤ ሌላ ያስፈልገኛል ያልከው ለዚህ ነው። ናሆሚም የአጎቷን መጽሐፍ ክሬዮን እንዳልነካው ራሷ ነገረችኝ። የመጽሐፉን መለወጥ ብታውቅ ኖሮ ይህን አትነግረኝም ነበር።»

ከዚያ መጽሐፉን ሳትከፍት ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጋሼ ሞላልኝ፣ እናንተ ቤት ባለው መጽሐፍ ውስጥ የልጅቷ ቀሚስ ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

አቶ ሞላልኝ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። «ምን ቀለም አለው? መጽሐፉ እኮ ጥቁርና ነጭ ነው።»

ወይዘሮ የዓለምወርቅ አንገታቸውን ቀስ ብለው ወደ ባላቸው አዞሩ።

«ቀይ ነው» አሉ። «ልጃችን ሩታ ናት የቀባችው፤ ገና ትምህርት ቤት ሳትገባ። የአክስትሽ ቀሚስ ቀይ ነበር ብላት ክሬዮኗን ይዛ መጽሐፉን ሁሉ አቀላችው። እኔ አለቀስኩ። ይህን ሁሉ ዘመን... አንድ ቀን ገልጠኸው አታውቅም?»

ምሥራች መጽሐፉን ከፈተችው። ቀዩ ቀሚስ ለሁሉም ታየ።

«ከዚያ ቤት ይህን መጽሐፍ ሊያመጡ የሚችሉት ሁለት ሰዎች ናቸው» አለች። «እትዬ ግን የእህታቸውን ብቸኛ ምስል ሬሳ ሥር ትተው አይሄዱም። ቀዩን ቀሚስም ያውቁታል፤ ባየነው ጊዜ ስማቸውን እንደሚጠራ ያውቃሉ። የተወው ሰው ግን ቀለም መኖሩን አላወቀም። ከፍቶት አያውቅማ። ሊከፍተው አይደፍርም።»

«ቤተ ክርስቲያን ነበርኩ» አሉ አቶ ሞላልኝ።

«ገብተዋል። ግን እትዬ በሴቶች በኩል፣ እርስዎ በወንዶች በኩል ናችሁ። ቅዳሴው ሳያልቅ ቢወጡ አያዩዎትም። ሲወጡም መኪናው ሞቆ አገኙት። ቆሞ ሳይሆን ተነድቶ ነው የሞቀው።»

አቶ ሞላልኝ ሲናገሩ ድምፃቸው ተለውጦ ነበር።

«መጽሐፉ መኪናው ውስጥ ነው፤ ከመለዋወጫው ጎማ ሥር። ልቀደው ብዬ ነበር፤ እጄ እምቢ አለ።»

ፖሊሱ ወጥቶ ይዞት ተመለሰ። ምሥራች የመጨረሻውን ገጽ ገልጣ የወረቀቱን ቁራጭ አጠገቡ ያዘችው። ልክ ገጠመ። ሰውየው እየሄደ ነው፤ ፊት የለውም። ልጅቷ ከውሃው ውስጥ ወደሱ ትጮኻለች።

«ያኔ ገና ልጆች ነበርን ማለት ይቻላል» አሉ አቶ ሞላልኝ ወደ ባለቤታቸው ዞረው። «አንቺን ላገኝ ስመጣ ተከተለችኝ። ሐይቁን አሳየኝ አለች፤ ይዣት ወረድኩ። ተንሸራታ ውሃው ውስጥ ገባች። ዋና አልችልም። መኳንንት ከላይ ከገደሉ አፋፍ ሆኖ ሥዕል ይሥል ነበር፤ ሮጦ ቢወርድም አልደረሰላትም። እኔ ትቻት ስሄድ ግን አይቶኛል። ጓደኛዬ ነውና ዝም አለ። ዝም ብሎ ሣላት። ሰሞኑን ጠራኝና፣ "ከመሞቴ በፊት ንገራት፤ ካልነገርካት መጽሐፉ እንዲህ ሆኖ ይታተማል" አለኝ። ደረጃው ላይ ልነጥቀው ስል...»

«ሲወድቁ በሕይወት ነበሩ» አለች ምሥራች። «መጽሐፉን እጃቸው ሥር ሲያኖሩ ይተነፍሱ ነበር።»

«ይጠራኝ ነበር» አሉ አቶ ሞላልኝ። «መብራቱን አጥፍቼ ወጣሁ።»

ናሆሚ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ወይዘሮ የዓለምወርቅ ግን አላለቀሱም። ባላቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚያይ ሰው አተኩረው አዩአቸው።

«እሷስ? ፀሐይወርቅስ ጠርታህ ነበር?»

አቶ ሞላልኝ ወደ ተገለጠው ገጽ አዩ።

«አዎ።»

«ምን ብላ?»

«ጋሼ ሞላልኝ... ጋሼ ሞላልኝ እያለች።»

ፖሊሱ አቶ ሞላልኝን አስነሥቶ ሲያወጣቸው ወይዘሮ የዓለምወርቅ ቀና ብለው አላዩም።

በሩ ከተዘጋ በኋላ ምሥራች መኪና ልጥራልዎት ስትላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ወደዚያ ቤት አልሄድም» አሉ። ከዚያ ወደ ናሆሚ ዞሩ። «ልጄ፣ የአጎትሽ ገዳይ ሚስት ነኝ። እዚህ ብቀመጥ ታስወጪኛለሽ?»

«ጋሽዬም እኮ ያን ሁሉ ዘመን አይተው ደብቀውዎታል» አለች ናሆሚ።

«አዎ፣ ደብቆኛል። እሱንም አልቅሼለት ስጨርስ እቀየመዋለሁ።»

ናሆሚ መሬት ላይ በተዘረጋው የለቅሶ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችላቸው።