የተስኒም እናት ተረኛ የነበረችበት ቀን

በግብፅ ሶሃግ ከተማ፣ ከዓባይ ዳር በምትገኝ ጠባብ ቤት ሁለት ሴቶች አንዲት ሕፃን ታቅፈው ቀርተው ነበር። የአሮጊቷ የሐጃ ኢንሺራሕ ብቸኛ ልጅ ረጃኢ፣ ሚስቱን ሰናእን የሕፃናት ሐኪም አደርጋታለሁ ብሎ ኩዌት ሄዶ፣ ከሚሠራበት ሕንፃ ወድቆ በሬሳ ሣጥን ተመለሰ። ታዲያ ሰናእ ምን ታድርግ? የጀመረችውን የስፔሻሊስትነት ትምህርት ትታ እንዴት የሞተለትን ምኞት አፈር ታልብሰው? ሐዘኗን በነጭ ጋዋኗ ሸፍና ወደ ሆስፒታል ተመለሰች። በሰው ልጆች አልጋ ዙሪያ ስትንከራተት ውላ አድራ ስትገባ ግን የገዛ ልጇ ተስኒም እንደ እንግዳ እየሸሸቻት ከአያቷ ቀሚስ ሥር ትደበቅ ነበር!

"የሰው ልጅ አስታማሚ!" ትላታለች አማቷ። "ያንቺንስ ማን ያሳድግልሽ? ልጄ ባንቺ ጦስ ነው የቀረው!"

ሰናእ ጋዋኗን ክንዷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ሥራዋ ትወጣ ነበር...

ሙቀቱ አላስተነፍስ ባለ አንድ ቀትር፣ ሐጃ ኢንሺራሕ ባዶ እግሯን እየሮጠች ሰናእ ተረኛ ወደነበረችበት ድንገተኛ ክፍል ገባች። ተስኒም ክንዷ ላይ ተዝለፍልፋለች።

"ከትናንት ጀምሮ ያስመልሳታል፣ ያስቀምጣታል... ይሻላታል ብዬ..."

የሕፃኗ ዓይኖች ጎድጉደዋል፤ ለማልቀስ እንኳ አቅም የላትም። ነርሶቹ ክንዷንም እግሯንም ወጉ፤ ደም ሥር ጠፋ። የሰናእ አስተማሪ ዶክተር ዋጊህ ትንፋሹ የተቋረጠ ጨቅላ ላይ ጎንበስ እንዳለ ጮኸ፦

"ሰናእ! ፈሳሹን በአጥንቷ በኩል ስጫት! እኔ ይሄን መልቀቅ አልችልም!"

የገዛ ልጅን አጥንት በመርፌ መብሳት! የቷ እናት ትችለዋለች? ሰናእ እንባዋን ዋጠች። ከተስኒም ጉልበት ዝቅ ብሎ ካለው አጥንት ውስጥ ወፍራሙን መርፌ ገፋችው።

"ልጄን በላሽ፣ አሁን ደግሞ ልጁን!" ስትል አሮጊቷ ራሷን ይዛ ጮኸች።

ፈሳሹ ገባ። አንድ ስሪንጅ ሙሉ፣ ሌላ ስሪንጅ ሙሉ... ቀስ በቀስ የተስኒም ከንፈር ቀላ፤ ዓይኗ ተገለጠ።

"ሲቲ..." አለች፤ አያቴ ማለቷ ነበር።

የጠራችው እናቷን አልነበረም። ግን ድምፅ ነበር! ሕይወት ነበር! ሰናእ መሬት ላይ ተቀምጣ እየሳቀች አነባች። ከጎን ካለው አልጋም የጨቅላው ለቅሶ ተሰማ።

ሐጃ ኢንሺራሕ ጎንበስ ብላ የምራቷን እጅ ሳበችና በሕፃኗ ጉንጭ ላይ አሳረፈችው።

"እኔማ ሲቲ ነኝ፣ የኔ ዓይን። እናትሽ ይቻት። ከሞት የመለሰችሽ እሷ ናት።" ወደ ሰናእ ዞረች። "ይቅር በይኝ ልጄ... ረጃኢን የወሰደው ፈጣሪው ነው፤ አንቺ አይደለሽም።"

"እማዬ..." አለች ሰናእ። የአማቷን እጅ ሳመች።

ዕጣ ፈንታ ለምን ከዚያ ቤት ወጣቱን አባወራ እንደመረጠች ማን ያውቃል? የወሰደችውን አትመልስም። ያን ቀን ግን ራርታ አለፈች፤ ማምሻውንም ተስኒም የእናቷን ጣት ጨብጣ እንቅልፍ ወሰዳት።