የደረቀው የጥርስ ብሩሽ

መርማሪዋ ስትደርስ ልብስ ሰፊው ከስፌት መኪናው ጀርባ ባለው ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሞቷል። ከንፈሩ ጠቁሯል። አንገቱ አብጦ ከአገጩ ጋር አንድ ሆኗል፤ ምላሱም ወደ ላይ ተገፍቶ በጥርሶቹ መካከል ይታያል። አጠገቡ ባለው በርጩማ ላይ ግማሹ የተጠጣ የወተት ኩባያ አለ። ከፊቱ ደግሞ እሑድ ለሙሽራ የሚደርስ ነጭ ቬሎ አንድ እጅጌው ሳይገጠም ተሰቅሏል።

መርማሪዋን ጉድፍ አያልፋትምና ባልደረቦቿ «ወንፊት» ይሏታል። ስሙን አትወደውም፤ ከዚህ የባሰም ሊያወጡላት እንደሚችሉ ስለምታውቅ ግን ዝም ብላለች።

«ምኑ ይመረመራል? መርዝ ነው!» አለች የሟቹ ታላቅ እህት፣ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን እየጠረገች። «ወር ሙሉ እጇ የነካውን አልቀምስም ብሎ ከረመ። ትናንት ማታ ወተት ሰጠችው፤ ይኸው ነጋበትና ሬሳ ሆነ!»

«እጇ» የተባለችው ምራቲቱ በሩ ሥር ፖሊስ አጠገቧ ቆሞ ተቀምጣለች። የሦስት ወር ሕፃን ታቅፋለች። ፖሊሱ ከፍርድ በፊትም ቢሆን ጣቢያ እንደምትወርድ ነግሯታል፤ እሷም ሕፃኑን ለማን እንደምትሰጠው ደጋግማ ትጠይቃለች። ባሏ ዓይኗን ማየት ፈርቷል።

ወንፊት ባልየውን፣ የሟቹን ልጅ፣ ለብቻው ወሰደችው።

«አባትህ ከሚስትህ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«አኩርፈዋት ነበር። ገበታ አይቀርቡም ነበር እኮ።»

«አኩርፌያለሁ ብለው ነገሩህ?»

ልጁ አመነታ። «አይ… እሳቸው እንኳ ምንም አላሉም። አክስቴ ናት አኩርፏል ያለችን።»

ወንፊት ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከግድግዳው ሥር መጥረጊያ ያልደረሰባቸው ያረጁ የክር ቁራጮች ተከማችተዋል፤ ጫፋቸው ተጨፍልቋል። ከወንበሩ ፊት የወደቁት ነጫጮቹ ግን ጫፋቸው እኩል የተቆረጠ ነው።

«አባትህ ክር በምን ነበር የሚቆርጡት?»

«በጥርሳቸው ነዋ! መቀስ ለጨርቅ ነው ይሉ ነበር። ስንቴ ለመንናቸው!»

«ታዲያ አንገታቸው ላይ በክር ያንጠለጠሉት ትንሽ መቀስ ምንድን ነው?»

ልጁ ሬሳውን አየና ወዲያው ፊቱን አዞረ። «እኔ እንጃ። ሰሞኑን ነው ያንጠለጠሉት።»

ወደ ቬሎው ሄደች። ደረቱ ላይ የተሰፉት የጨርቅ አበቦች በግራና በቀኝ እኩል ናቸው። ከወገቡ በታች ግን አንዲት ብቻዋን የቀረች አበባ አለች። ወንፊት በጥፍሯ ገለጥ አደረገቻት። ከሥሯ የምስር ፍሬ የምታህል ቡናማ ነጥብ አለች። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው አበባ ያለቦታው አይሰፋም አለች በልቧ።

ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባች። ብርጭቆ ውስጥ አራት የጥርስ ብሩሽ ቆሟል። ሦስቱ እርጥብ ናቸው። አራተኛው ደርቋል፤ አቧራም ለብሷል።

በስፌት መኪናው መሳቢያ ውስጥ የማስታገሻ ጥቅል አገኘች። የሰፈሩ መድኃኒት ቤት ባለቤት ሲጠራ ላብ አጥምቆት መጣ።

«ምን ሸጥህላቸው?»

«ማስታገሻ። በየአራት ቀኑ አንድ አንድ ጥቅል። ሐኪም ይይዎት ብያቸዋለሁ። ‹ቬሎውን ላስረክብና እሄዳለሁ› አሉኝ። ለቤተሰቡም እንዳልናገር አስማሉኝ።»

«አንተም ዝም አልክ።»

«ሽማግሌ ሲለምን ምን ትያለሽ?» አለ።

ሬሳው ሐኪም ቤት ተወስዶ ነበርና ከሰዓት በኋላ የመረመረው ሐኪም ደወለ። ወንፊት ጥቂት አዳመጠችና ሁሉንም ስፌት ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። እህትየው ባዶውን ወንበር እንዳታይ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀመጠች።

«መርዝ የለም» አለች ወንፊት። «ወተቱ ንጹሕ ነው። ሟቹ ምግብ የተዉት አኩርፈው ሳይሆን ማላመጥ አቅቷቸው ነው። ክር መንከስም አቃታቸው፤ ስለዚህ መቀስ አንጠለጠሉ። ሲጋደሙ ትንፋሽ ያጥራቸው ስለነበር በመጨረሻ ተቀምጠው ማደር ጀመሩ። ጥርሳቸው ሥር የቋጠረው መግል ከአገጫቸው በታች ወርዶ ጉሮሯቸውን ዘጋው። ሐኪሙም ያገኘው ይህንኑ ነው።»

«በጥርስ ሰው ይሞታል?» አለ ልጁ።

«ይሞታል። እንዲህ እስኪሆን ድረስ ደግሞ ያማል፤ ያቃጥላል። ትኩሳታቸውን እንዴት ማንም አላየም? ማስታገሻው ደበቀው።» ሦስት የተለያዩ የማስታገሻ ጥቅሎች ጠረጴዛው ላይ ደረደረች። «አንዱ ከመኪናው መሳቢያ፣ አንዱ ከኮታቸው ኪስ፣ አንዱ ከትራሳቸው ሥር። አንዱን ማን እንደሸጠላቸው እናውቃለን። ሌሎቹስ?»

«የወገቤን መድኃኒት አካፍያቸው ነበር» አለ ልጁ። «ለአክስቴ እንዳትነግር አሉኝ።»

«እኔም ሰጥቼዋለሁ» አለች እህትየው። «ለልጄ እንዳትነግሪ ብሎኝ።»

ምራቲቱ ቀና አለች። «እኔ ቀጠን ያለ አጥሚት እየሠራሁ ሰው በሌለበት ሰዓት እሰጣቸው ነበር። ትናንት እሱም አልወርድ አላቸው። ወተቱ ራሱ በአገጫቸው ፈሰሰ። አባባ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ ስላቸው ‹ነገ› አሉኝ።»

ወንፊት ቬሎውን ወደ ብርሃኑ ሳበችው። «አሁን መነሻው ላይ ደረስን። ልብስ ሰፊ ክሩን በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገባው ጫፉን በከንፈሩ አርጥቦ ነው። ድዳቸው መድማት ጀምሮ ነበር፤ ክሩ ደሙን ይዞ ነጩ ጨርቅ ላይ ጠብ አደረገው። አበባ ሰፍተው ሸፈኑት። ለእንዲህ ያለ ሰው ከዚህ የበለጠ ውርደት የለም። ደሙ የሚመጣው ሲቦርሹ መስሏቸው ብሩሹን ተዉት። ድድ ግን የሚደማው ቆሻሻ ሲጋገርበት ነው። ቀስ ብለው ጠዋት ማታ ቢቦርሹት፣ አንድ ቀንም ሄደው ቢያስጠርጉት ደሙ ይቆም ነበር። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ለዚህ ነው። ሲተዉት ባሰ፤ ወደ ሥሩም ወረደ።»

ይህ ሁሉ ብልሃቷ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ መሆኑ አንገበገባት። ሆኖም የቀረውን መጠየቅ ነበረባት።

«እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ሰው ብሩሹን በራሱ አይተውም። ማነው ይተዉት ያላቸው?»

እህትየው ከመቀመጫዋ ሳትነሳ ተናገረች።

«ጨርቁን ይዞ እንደ ሕፃን እያለቀሰ መጣ። አሳዘነኝ። ቁስል በብሩሽ ይነካካል እንዴ፣ ካልተውከው መች ይድናል አልኩት። የናቴ ልጅ ነው፤ ከኔ ውጭ የማንን ምክር ይሰማል?»

ልጁ ወደ ሚስቱ ሄዶ ሕፃኑን ሊቀበላት እጁን ዘረጋ። አልሰጠችውም። ፖሊሱ ከአጠገቧ ራቅ አለ።

እህትየው ተነሣች። ሁለት እጆቿን አንድ ላይ አድርጋ ወደ ፖሊሱ አቀረበች። «በል እሰረኝ።»

ፖሊሱ ወንፊትን አያት።

«እማማ፣ እጅዎን ይመልሱ» አለች ወንፊት። «ይህን የሚቀጣ ሕግ የለም።»

«እሷን ልትወስዷት አልነበር?»

«መርዝ ቢሆን ነበር።»

«ምነው መርዝ በሆነ» አለች እህትየው። እጆቿ እንደተዘረጉ ናቸው፤ የሚይዛቸውም አልነበረም።