ቴዳ እጇን ስታነሳ

«ቀጥሎ!» አለ ኦኖ ከኦርጋኑ ሆድ ውስጥ ሆኖ።

ቴዳ የሚቀጥለውን ቁልፍ ተጫነችው። ቁልፉን ሳይሆን የወንድሟን ዓይን የምትጫን ነበር የሚመስላት። ከቁርስ ጀምሮ እንደተናደደች ነው።

እንዴት አያናድዳት! ጠዋት የመንደሩ ቄስ ደውለው፣ ነገ እሁድ የሚመረቀው የቤተክርስቲያኑ ባለቧንቧ ኦርጋን ትናንት ልምምድ ላይ ጆሮ የሚሰቀጥጥ ድምፅ አወጣ አሉ። ኦርጋን ሠሪው አባቷ ስኳሩ ያልሟሟለትን ሻይ ወዲያ ገፋ አድርጎ፣ ሐሙስ ዕለት ቅኝቱን ጨርሰው የመጡትን ሁለት ልጆቹን ተራ በተራ አያቸው። አጅሬ ኦኖ ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ ቴዳ የቤተክርስቲያኑን ማሞቂያ ሳታጠፋ ወጥታ ይሆናል አለ። ቤት ሲሞቅ ቅኝት እንደሚዛባ እነሱ ጋ ሕፃን ልጅም ያውቀዋል። ማሞቂያውን ያን ቀን አላበራችውም፤ በእጇም አልነካችውም። ብትምል ብትገዘት አባቷ አልሰማትም። በዚህ ዓመት ትምህርቷን ስትጨርስ ወርክሾፑ ውስጥ ሊያስገባት ቃል ገብቶላት ነበር። ከሰባት ዓመቷ ጀምሮ የምትጠብቀው ይህንን ነው።

«ማሞቂያ ማጥፋት ያቃታት ልጅ ኦርጋን አልሰጥም» አለ። «ሂጂና የቢሮ ሥራ ተማሪ።»

አሁን አባቷ በቤተክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ መሰላሉን ከመኪናው እያወረደ ነው። እነሱ ደግሞ እንደገና ሊቃኙ ኦርጋኑ ያለበት ሰገነት ላይ ወጥተዋል። ኦርጋን ለብቻ አይቃኝም። አንዱ ውስጥ ገብቶ ቧንቧዎቹን ያስተካክላል፤ ሌላው ውጭ ተቀምጦ፣ በቃ እስኪባል ድረስ ቁልፉን ተጭኖ ይይዛል። ቴዳ ሁለት ዓመት ሙሉ ቁልፍ ስትይዝ ጀርባዋ ዝሎ ያውቃል፤ ጆሮዋ ግን ተኝቶ አያውቅም።

ያ ጆሮ አሁን አንድ ነገር ያዘ። ሰው የሚያካክሉት ቧንቧዎች ደህና ናቸው። ከእንጨት የተሠሩትም ደህና ናቸው። በእጅ ጭብጥ ውስጥ የሚገቡት ትናንሾቹ ብቻ ቅኝታቸው ወርዷል። ማሞቂያ ደግሞ ይሄን ትቶ ያንን አይመርጥም፤ ሁሉንም ነው የሚያዛባው። ዛሬ ቤቱ ሲቀዘቅዝም ሁሉም ወደ ቦታው በተመለሰ ነበር።

ሐሙስ ትዝ አላት። የኦኖ ፍቅረኛ ውጭ ሞተር ሳይክሏ ላይ ሆና ጡሩምባ ስትነፋ፣ እሱም እየተጣደፈ «ቀጥሎ፣ ቀጥሎ» ሲላት። ጓንቱም ከኋላ ኪሱ ተንጠልጥሎ። ትንሽ ቧንቧ በባዶ እጅ ሲጨበጥ ይሞቃል፤ ሲሞቅ ቅኝቱ ከፍ ይላል። እንደሞቀ ከቃኙት ደግሞ ሲበርድ ይወርዳል። አባታቸው ይህን የነገራቸው ፊደል ሳይቆጥሩ ነው።

«ኦኖ» አለች፣ «ሐሙስ ጓንት አጥልቀህ ነበር?»

 «ቁልፉን ያዢ።»

«ጠየቅኩህ እኮ።»

«አታካብጂ ቴዳ። የሙያ ፈተናዬ በሚቀጥለው ወር ነው። አባዬ ይህን ካወቀ አያስፈትነኝም። አንቺ ገና ልጅ ነሽ፣ እስከዚያ ይረሳልሻል።»

ይረሳልሻል! ደሟ ፈላ። የእሱ ፈተና ፈተና ሆኖ የእሷ የልጅ ጨዋታ መሆኑ ነው! በሁለት ክርኗ ቁልፎቹ ሁሉ ላይ ወድቃ፣ እዚያው ቧንቧ መሃል ጆሮውን ልታደነቁረው አማራት። ወይ ሮጣ ወርዳ ለአባቷ መናገር። ግን ማን ያምናታል? ጠዋትም ተናግራለች።

ጣቷን አነሳች። ድምፁ ቀጥ አለ። ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀመጠች።

«ቴዳ? ቁልፉ!»

 ቁልፍ የሚይዝለት ከሌለ፣ መቃኛውን ይዞ እስከ ገና ቢቆምም አንዲት ቧንቧ ትንፍሽ አትልለትም።

«ቴዳ፣ በናትሽ።»

«ለአባዬ ራስህ ንገረው፤ ያኔ እይዝልሃለሁ።» 

ታች በሩ ሲጥጥ አለ። አባቷ መሰላሉን ተሸክሞ ገባና መሃል ላይ ቆመ።

«ምን ሆናችሁ? ለምን ዝም አለ?»

ቴዳ ኦኖ የገባባትን፣ በኦርጋኑ ጎን ያለችውን ትንሽ በር ዞራ አየች።

«ቴዳ! አንቺን ነው የምጠይቀው።»

«መጠየቅ ያለብኝ እኔ አይደለሁም» አለች። እጇ ከጉልበቷ ላይ አልተነሳም።

ኦኖ ከውስጥ ጉሮሮውን ሲጠራርግ ተሰማ። «አባዬ» አለ፣ «ሐሙስ ጓንት አላጠለቅኩም።»