የአርባ ደቂቃው ጨዋታ

ሰውየው የሞተው በሩ ሥር ነው። በሆዱ ተኝቶ፣ አፉን በበሩና በወለሉ መካከል ወዳለችው ቀጭን ክፍተት አስጠግቶ፣ ከውጭ አየር ለመሳብ ሲታገል ነበር። ኢንስፔክተሯ ተንበርክካ ክፍተቷን በጣቷ ለካች። የጣት ውፍረት ግማሽ አትሞላም። የእሳት ማጥፊያው ጋዝ ደግሞ ከአየር ይከብዳል፤ ወደ ወለሉ መውረዱ ይበልጥ አፈነው እንጂ አላዳነውም።

የማሽን ክፍሉ መስኮት የለውም። ያለውም ምድር ቤት ውስጥ ነው፤ አራት ሰዎች የድሮ የድብድብ ጌሞችን ካረጁ ማሽኖች አውጥተው በዘመኑ ኮምፒውተር ላይ እንደገና እንዲሠሩ በሚያደርጉበት ወርክሾፕ ጥግ። ወርክሾፑን የመሠረተው ሟቹ ነበር። ሁሉም «ጋሼ» ነበር የሚሉት።

«ነገሩ ያለቀለት ነው» አለ ከጣቢያው የመጣው ፖሊስ። ወንበሩን ብቸኛው መውጫ በር ላይ አስደግፎ ተቀምጧል። «በጓጉንቸር ማንጠልጠያው ቀለበት ውስጥ ካቻቢቴ ተሰክቶ በሩ ከውጭ ተዘግቶበታል። ከዚያ ውጭ ግድግዳው ላይ ያለው የእሳት ማጥፊያው ቀይ ቁልፍ ሲጫን ጋዙ ተለቀቀ። መቆጣጠሪያው ሰዓቱን መዝግቦታል፤ ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት። ከበሩ ውጭ መሬት ላይ የተገኘው ካቻቢቴ የልጅቷ ነው። ጠዋት ከሟቹ ጋር ተጣልታለች። አስከሬኑንም ዘጠኝ ከአርባ አምስት ላይ ‹አገኘሁ› ያለችው እሷው ነች። መኪናው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ሲመጣ ይዣት እሄዳለሁ።»

ኢንስፔክተሯ የእጅ ሰዓቷን አየች። አሥር ተኩል ሆኗል።

«እስከዚያ ማንም አይወጣም» አለች።

ልጅቷ የጌሞቹን ድምፅ የምትሠራው የሟቹ የወንድም ልጅ ናት። የምትቀዳበት ስቱዲዮ ግድግዳው በወፍራም ስፖንጅ የተለበጠ፣ ሁለት ሰው ከገባበት ጉልበት ለጉልበት የሚነካካበት ነው። ሹራቧን ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛለች።

«በረደሽ?»

«አይ፣ ወተት ፈሶብኝ ነው።» አቀረቀረች። «የአራት ወር ልጅ አለኝ። ጡጦ አፉ አያስገባም። ዛሬ ከወሰዱኝ…»

«ዘጠኝ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ የት ነበርሽ?»

«እዚሁ። ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ አድርጌ የጎራዴ ድምፅ እቀዳ ነበር። ያየኝ ሰው የለም።»

«ካቻቢቴውስ?»

«የእኔ ነው። ግን ሁሉም ነው የሚያነሳው። እዚህ ቤት የራሱን የሚገዛ የለም።»

«ጠዋት ምን አጣላችሁ?»

«የአባቴ ነገር ነው። አሁን የምናድሰውን ጌም እሱና ዛሬ እዚህ ከአጎቴ ጋር የሚሠራው ሸሪኩ ናቸው አብረው የጀመሩት። አባቴ እኔ ሕፃን እያለሁ ሞተ፤ ጌሙ ላይ ያለው የሸሪኩ ስም ብቻ ነው። ‹የወንድምህ ነገር እስከ መቼ ዝም ይባላል?› ብዬ አጎቴ ላይ ጮህኩበት። እሱ እቴ፣ አልተቆጣም። ‹ትናንት የጌሙን ሆድ ስከፍት ያገኘሁት ነገር አለ። እስከ ነገ ታገሽኝ› አለኝ። እኔ በሩን ወርውሬበት ወጣሁ።»

«ሲነግርሽ ማን ሰማ?»

«ሸሪኩ እዚያው ሻይ እየቀዳ ነበር።»

ሁለተኛው ቀኑን ሙሉ ጌም እየተጫወተ ስህተት የሚለቅም ቀጭን ሰው ነው። «ሲባጎ» ይሉታል።

«ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ደረጃው አናት ላይ ነበርኩ፤ ከእናቴ ጋር በስልክ። የወረድኩት ጩኸቷን ስሰማ ነው።»

«አርባ አምስት ደቂቃ?»

«እናቴን ስለማያውቋት ነው። ከእኔ የወጣው ‹እሺ እማዬ› ብቻ ነው።»

ስልኩን ሰጣት። ጥሪው ሳይቋረጥ አርባ አምስት ደቂቃ ቆይቷል። ምድር ቤቱ ውስጥ ደግሞ ኔትወርክ የለም፤ ኢንስፔክተሯ በየክፍሉ ዞራ በራሷ ስልክ አረጋግጣለች።

«በአንተ በኩል ያለፈ ሰው አለ?»

«ማንም። ስወጣ ሸሪኩ ጌም ሊጀምር ሲቀመጥ አይቻለሁ።»

ሲባጎ ጠረጴዛ ላይ የተከፈተ ደብተር ነበር። የዛሬ ጠዋት የስህተት መዝገብ ነው። ኢንስፔክተሯ ጮክ ብላ አነበበች፦ «ልጓሙ ሲወልቅ ዝላዩ ያጥራል። ድልድዩ ላይ ያለው ሣጥን አይደረስበትም። ልጓም ምንድን ነው?»

«አሮጌ ጌም አዲስ ማሽን ላይ ሲወጣ ይጋልባል። የተሠራው በዚያን ጊዜ ማሽን ልክ ነዋ። እኛ ትንሽ ፕሮግራም ጽፈን እንይዘዋለን፤ ልጓም የምንለው እሱን ነው። ካወለቁት ሁሉም ነገር በእጥፍ ይሮጣል።»

«እንዲያ እየሮጠ መጫወት ይቻላል?»

«እኔን አንድ ደቂቃ አያቆየኝም። ጌሙን በእንቅልፍ ልቡ የሚያውቅ ሰው ካልሆነ።»

«ይህን ገጽ ለማን አሳየኸው?»

«ለጋሼ ላሳየው ነበር።» አንገቱን ደፋ። «አልደረስኩም።»

ሸሪኩ ሃምሳን የተሻገረ፣ ጸጉሩን በጥንቃቄ የሚያበጥር ሰው ነው። በጌም መሞከሪያው ክፍል ስክሪኑን ወደ ኢንስፔክተሯ አዞረላት።

«ዘጠኝ ከሦስት ላይ ጀመርኩ፤ ሦስተኛውን በር አልፌ ሴቭ ያደረግኩት ዘጠኝ ከአርባ ሦስት ላይ ነው። ይኸው፣ ይዩት።»

ስክሪኑ ላይ ሴቭ የተደረገበት ሰዓት ዘጠኝ ከአርባ ሦስት፣ የጨዋታ ጊዜ አርባ ደቂቃ፣ የሞቱበት ብዛት ዜሮ ይላል። የተሰበሰቡ ዕቃዎች ዝርዝርም ከሥር አለ። ኢንስፔክተሯ ዝርዝሩን ቃል በቃል ገለበጠች። የልጓሙንም ምልክት አየች፤ በቦታው ነበር።

«መሃል ላይ ቆም አላደረጉትም?»

«የዚያን ዘመን ጌም ማቆሚያ የለውም፣ ኢንስፔክተር። ዝም ብለው ከቆሙ ጠላት መጥቶ ይቆራርጥዎታል። ሽንታችንን ይዘን ነበር የምንጫወተው።»

«ድልድዩ ላይ ያለውን ሣጥንስ ወሰዱት?»

ሳቀ። «እንዴታ! በእጄ ነው እዚያ ያስቀመጥኩት። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ አልፌው አላውቅም።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሩብ ሲቀረው አምስቱም መሞከሪያው ክፍል ውስጥ ተጨናንቀው ቆሙ። አየሩ ከብዷል። ልጅቷ ግድግዳውን ተደግፋ ዓይኗን ከበሩ ላይ አላነሳችም።

«ከውጭ የገባ የለም» አለች ኢንስፔክተሯ። «ሲባጎ ደረጃው ላይ ነበር፤ እሱም እታች ወርዶ ቢሆን ኖሮ ስልኩ ይቋረጥ ነበር። የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዷ ምስክር የላትም። አንደኛው የአርባ ደቂቃ ምስክር አለው። ሲባጎ፣ ልጓሙን አውልቀው።»

ሲባጎ አወለቀውና አዲስ ጨዋታ ጀመረ። ስክሪኑ ላይ ያለው ጎራዴ ያዥ እንደ ዝንብ ተወረወረ። ኢንስፔክተሯ የእጅ ሰዓቷን ከስክሪኑ አጠገብ ይዛ ቆመች። ሲባጎ በሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ተገደለ።

«ጌሙ ስንት ይላል?»

ፖሊሱ ተጠጋ። «አንድ ደቂቃ።»

«የእኔ ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ነው የሚለው። ይህ ጌም ጊዜ አያውቅም፤ የሚቆጥረው ምስል ነው። ስልሳ ምስል ሲያልፍ አንድ ሰከንድ ይላል። አዲሱ ማሽን ግን በሰከንድ መቶ ሃያ ያሳልፋል። ልጓሙ ከሌለ አርባው ደቂቃ ሃያ ደቂቃ ነው። ሌላው ሃያ ደቂቃ በር ለመዝጋት፣ ቁልፍ ለመጫን፣ እስኪያልቅም ቆሞ ለመጠበቅ ይበቃል።»

«ልጓሙ በቦታው እንደነበር ራስዎ አይተዋል» አለ ሸሪኩ።

«አይቻለሁ። ሴቭ ካደረጉ በኋላ መልሰውታል። የተሰበሰበውን ዕቃ ግን መመለስ አይቻልም። እዚህ ዝርዝር ውስጥ የድልድዩ ሣጥን የለም።»

«ረስቼው ይሆናል።»

«ሲባጎ፣ ጌሙ በልኩ ሲሄድ ሣጥኑን ረስቶ ማለፍ ይቻላል?»

ሲባጎ ሸሪኩን ሳያይ መለሰ። «አይቻልም። ዝላዩ ራሱ ሣጥኑ ላይ ነው የሚያሳርፈው። ልተወው ቢሉም አይሆንም።»

«ዘለሉ፤ ዝላዩ አጠረብዎት» አለች ኢንስፔክተሯ። «ለምን እንዳጠረ አላወቁም፤ ገጹን አላዩትማ። ተመልሰው ለመሞከር ጊዜ ስላልነበረ በሥር ባለው መንገድ አለፉ። እኔ ስጠይቅዎት ደግሞ አፍዎ በልማዱ መለሰ።»

«ለምን ብዬ ነው ወዳጄን የምገድለው?»

«የጋሼን ኮምፒውተር ከፍቻለሁ። ያገኘውን ማጥፋት ፈልገው ነበር፤ ግን ኮምፒውተሩ ያለው ጋዝ የሞላው ክፍል ውስጥ ነው፤ ከዚያ ደግሞ እኛ መጣን። ጌሙ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ የቆየ ጽሑፍ አለ፦ ‹ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእጄ ጻፍኩት። ስታድግ ትጫወተው ዘንድ ለልጄ።› ከሥሩ የአባቷ ስም አለ። ጋሼ ነገ ለዓለም ሊያሳየው ነበር።»

ልጅቷ አፏን በመዳፏ ያዘች።

ሸሪኩ ወደ በሩ አየ። ፖሊሱ ቆሞበታል። ወደ መስኮት ዞረ፤ መስኮት የለም። ከዚያ ትከሻው ወረደ።

«ሣጥኑ የእኔ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላው ሁሉ የእሱ ነው። ሣጥኑን ግን እኔ ነኝ ያስቀመጥኩት።»

መኪናው መጣ። ፖሊሱ ሸሪኩን ይዞ ወጣ። ልጅቷ ደረጃው ሥር ቆመች፤ በሩ ተከፍቶላት ወደ ማሽን ክፍሉ ዞረች።

«አጎቴ በሩን ደብድቦ ነበር?»

«አዎ። እጁ ቆስሏል።»

«አሥር እርምጃ እኮ ነው በመካከላችን ያለው።»

«አሥራ አንድ ነው፤ ለክቼዋለሁ። ፖሊሱን በሩን በቡጢ እንዲደበድብ አዝዤ ስቱዲዮሽ ውስጥ ቆምኩ፤ ማዳመጫም አላደረግኩም። ምንም አይሰማም።»

«ሊያጽናኑኝ ብለው ነው?»

«ማጽናናት አልችልበትም። የሆነውን ነው የነገርኩሽ። በይ ሂጂ፤ ልጅሽ ርቦታል።»

ልጅቷ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወጣች።